ተጠቃሚው ወጥቶ ሲመለስ አፓችሁ የት ይቀበለው? አራቱ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሰው አፕ ውስጥ ተቀምጦ አይውልም። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይመለሳል። ስልክ ይደወልለታል፣ የቴሌግራም መልእክት ይመጣል፣ የሚጠብቀው ታክሲ ይደርሳል። አፕ ሲነደፍ ግን ስክሪኖቹ ከአንድ እስከ ሰባት በተርታ ተደርድረው ነው የሚታዩት። ሰውየው ስክሪን አራት ላይ እያለ ስልክ ቢደወልለትስ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ስለዚህ ኮዱ የመጣለትን ያደርጋል፤ የሚያደርገውም ብዙ ጊዜ ደስ አይልም።

አማራጮቹ በጥቅሉ አራት ናቸው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር፣ ልክ ካቆመበት መቀጠል፣ በቆየው ጊዜ ልክ መወሰን፣ ወይም ሰውየውን ራሱን መጠየቅ። የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለአፑ በሙሉ አንድ መልስ አትምረጡ እላለሁ። ምርጫው ለየስክሪኑ ነው።

ከምርጫው በፊት ደግሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፦ ሰውየው የነበረበት ቦታ፣ የጀመረው ሥራ እና ማንነቱ። ቦታው ቢጠፋ ትንሽ ያናድዳል። የጀመረው ሥራ ቢጠፋ አፑን ከስልኩ እስከማጥፋት ያደርሰዋል። ማንነቱን በየጊዜው ማረጋገጥ ግድ የሚሆንባቸው አፖችም አሉ። ትልቁ ጥፋት ሦስቱን አንድ ላይ መቋጠር ነው። የሚስጥር ቁጥር እንደገና መጠየቅ ፈልገው የተሞላውን ፎርም አብረው ያጠፉታል።

ሰውየው ለምን ወጣ?

አንድ የምዝገባ ፎርም እንውሰድ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ክልል፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር። ከዚያ የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃል። 12 አሃዝ በቃሉ የያዘ ሰው ስንት ነው? ቁጥሩ ያለው በተላከለት ቴክስት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይወጣል። የቴክስት ሳጥኑ በማስታወቂያ ታጭቋል፤ ወደ ታች እየሳበ ይፈልጋል። አገኘው፣ ኮፒ አደረገው፣ ተመለሰ። ፎርሙ ባዶ ነው። እንደገና ከስሙ ይጀምራል።

ቀጥሎ «የመታወቂያዎን ፎቶ ያንሱ» ይለዋል። ካሜራው ይከፈታል። ካሜራ ደግሞ ሜሞሪ ይበላል። ራሙ አነስተኛ የሆነ ስልክ ለካሜራው ቦታ ለማግኘት ከኋላ ያለውን አፕ ሊገድለው ይችላል። ፎቶው ተነሥቶ እሺ ሲባል የሚመለስበት አፕ የለም፤ እንደ አዲስ ይነሣል። ይህንንም አለፈ እንበል። መጨረሻ ላይ «ወደ ስልክዎ የላክነውን ኮድ ያስገቡ» ይመጣል። ሦስተኛ መውጣት።

ልብ በሉ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያስወጣው አፑ ራሱ ነው። ሰውየው አልሰለቸም፣ ሐሳቡንም አልቀየረም። የወጣው የታዘዘውን ለመፈጸም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በባዶ ፎርም መቀበል፣ ስልክ ላናግር ብሎ ከካፌ ወጣ ያለን ደንበኛ ግማሽ ማኪያቶውን አንሥቶ ወንበሩን ለሌላ እንደመስጠት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አላስፈላጊውን መውጣት ማስቀረት ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 12 ወዲህ፣ በቴክስት የመጣውን ኮድ ከኪቦርዱ በላይ ያቀርባል፤ ሰውየው ነክቶ ያልፋል። አንድሮይድ ላይም ጉግል ያዘጋጀው መንገድ አለ፤ አፑ የሰውየውን ቴክስት ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ሳይጠይቅ ያንን አንድ መልእክት ብቻ ያነባል። ይህን ማስገባት የቀናት ሥራ ነው። አንድ ሙሉ መውጣትና መመለስ ይቀንሳል።

ስልኩ ከኋላ ምን ያደርጋል?

ዲቨሎፐር ያልሆናችሁ ይህን ክፍል ልትዘሉት ትችላላችሁ። አፕ የምታሠሩ ከሆነ ግን ባታልፉት ይሻላል፤ «ስልኩ ነው የሚዘጋው፣ እኛ ምን እናድርግ» ሲሏችሁ ምን እንደምትመልሱ እዚህ አለ።

ድሮ አይፎን ላይ የሆም ቁልፍ ሲጫን አፑ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አይኦኤስ 4 ሲመጣ አፑ ሜሞሪ ውስጥ ቀዝቅዞ እንዲቆይ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አይፎንም አንድሮይድም ለተጠቃሚው «ሁሉም አፕ እንደተከፈተ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣሉ። እውነቱ ሌላ ነው። በቅርብ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ላይ የምታዩት ፎቶ ነው። ከፎቶው ጀርባ አፑ በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም። ተጠቃሚው ግን ፎቶውን ሲነካ ፎቶው ላይ ያየውን መልሶ ይጠብቃል። መጠበቁም ልክ ነው።

አንድሮይድ ላይ ነገር የሚቀመጥባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። ቪውሞዴል ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር ያለውን ይይዛል፤ ሲስተሙ አፑን ሲገድል ግን አብሮ ይሞታል። ሴቭድ ስቴት የሚባለው ከግድያው ይተርፋል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፣ ጉግል ራሱ ከ50 ኪሎባይት በታች አድርጉት ይላል። ሦስተኛው የስልኩ ዲስክ ነው፤ ባትሪ ቢያልቅም ስልኩ ቢዘጋም ይቆያል። የሚያጋጥመው ችግር ሁሉንም ቪውሞዴል ውስጥ አስቀምጦ መተኛት ነው። ባለ 8 ጊጋ ራም ስልክ ላይ ሲሞከር ይሠራላ! አገራችን ውስጥ በብዙ ሰው እጅ ያለው ግን እሱ አይደለም። አንድሮይድ ጎ የሚባለው ቀለል ያለ ሥሪት እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የታሰበው 1 ጊጋ ራምና ከዚያ በታች ላላቸው ስልኮች ነበር።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። በተለመደው የአንድሮይድ አሠራር፣ ሰውየው አፑን ከዝርዝሩ ላይ በጣቱ ጠርጎ ካወጣው «ጨርሻለሁ» ማለቱ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ሴቭድ ስቴቱም ይጠፋል። እኛ ጋ ግን ጠረጋው ልማድ ነው። «ዳታ ይበላል»፣ «ባትሪ ይጨርሳል» እየተባለ ሁሉም አፕ በየሰዓቱ ይጠረጋል። ሰውየው ግማሽ የሞላውን ፎርም ትቻለሁ ማለቱ አይደለም። ስለዚህ ሰው በእጁ የጻፈው ነገር ሁሉ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ቦታው፣ ማለትም የትኛው ገጽ ላይ እንደነበር፣ በጠረጋው ቢጠፋ ግድ የለም።

መቼ ይቀመጥ? ሰውየው ከአንዱ ሳጥን ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ። መውጫው ላይ አስቀምጣለሁ ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው። አይፎን አፑ ወደ ኋላ ሲሄድ የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። አንድሮይድ ደግሞ አፑ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ሳያስጠነቅቅ ሊገድለው ይችላል።

አማራጭ አንድ፦ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ

ለመሥራት ቀላሉ ይህ ነው። ብዙዎች የሚመርጡትም ለዚሁ ነው። በ*127# ወይም በሌላ አጭር ቁጥር ብር የላከ ሰው ይህን ያውቀዋል። መሃል ላይ ከወጣ ሁሉም ይፈርሳል፤ እንደገና ደውሎ ምናሌውን ከአንድ ጀምሮ ይወርዳል። እዚያ ይቅር ይባላል፤ ዩኤስኤስዲ የሚባለው የአጭር ቁጥር አገልግሎት ጠባዩ ነው። አፕ ሠርታችሁ ያንኑ ጠባይ ካመጣችሁበት ግን አፑ ለምን አስፈለገ?

ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ። ካሜራ አንዱ ነው። ሰው ካሜራ የሚከፍተው ያየው ነገር ሳያመልጠው ለማንሣት ነው። ትናንት ቪዲዮ ላይ ትቶት ከሆነ ዛሬም ቪዲዮ ላይ ቢያገኘው ይናደዳል። የአይፎን ካሜራም ካልነገራችሁት በስተቀር ወደ ፎቶ ይመለሳል፤ ያለፈው እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መምረጥ ይችላል። ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ታብሌትም እንዲሁ ነው፤ የክሊኒክ መመዝገቢያ ላይ የቀደመው ሰው ስም ለተከታዩ መታየት የለበትም።

አማራጭ ሁለት፦ ልክ ካቆመበት

ሰው በእጁ ወይም በትኩረቱ የሠራው ነገር ካለ መልሱ ይህ ነው። የሚነበብ መጽሐፍ፣ የሚታይ ቪዲዮ፣ የሚጻፍ መልእክት። ቴሌግራም እዚህ ላይ ጥሩ አርአያ ነው። ጀምራችሁ የተዋችሁት መልእክት እዚያው ይጠብቃችኋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ስልክ ላይ የጀመራችሁትን ኮምፒውተር ላይ ታገኙታላችሁ። በአማርኛ ኪቦርድ አንድ ረጅም አንቀጽ የጻፈ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

በመንገድ ላይ ያለ ነገርም እዚህ ይመደባል። ታክሲ ጠርቶ የሚጠብቅ ሰው አፑን ሲከፍት የመኪናውን ታርጋና ካርታውን ማየት አለበት። «ወዴት መሄድ ይፈልጋሉ?» የሚል ገጽ ከመጣበት «ተሰረዘ እንዴ?» ብሎ ሁለተኛ መኪና ይጠራል። ሁለት ሾፌሮች ይጣላሉ።

አደጋውም አለው። ያረጀ መረጃ እንደ አዲስ ሆኖ ይታያል። ከምሳ በፊት የታየ ቀሪ ሂሳብ ሰዓቱ ሳይጻፍበት ማታ ላይ ከቀረበ ያሳስታል። ኔት እስኪመጣ ባዶ ስክሪን ከማሳየት ግን የቆየውን ማሳየት ይሻላል፤ ከሥሩ «ከጠዋቱ 3:40 ላይ የነበረ» ብላችሁ ጻፉበት። ሰው ይገባዋል።

አማራጭ ሦስት፦ እንደቆየበት ጊዜ

ለአጭር ጊዜ ወጥቶ ከተመለሰ ካቆመበት፣ ከቆየ ከመጀመሪያው። ለዜና፣ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለገበያ አፕ ይህ ይስማማል። ሲነገር ቀላል ነው፤ ደቂቃውን መምረጥ ላይ ነው ጭንቁ። ትክክለኛ ቁጥር ከየትም አይገኝም። የራሳችሁን ተጠቃሚዎች አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። እኔ ብሆን ወደ ረጅሙ አደላለሁ፤ ግማሽ ሰዓት የቆየ ዜና ማንንም አልጎዳም፣ እያነበበ ያለውን ያጣ ሰው ግን ይበሳጫል።

ትዊተር፣ የአሁኑ ኤክስ፣ እዚህ ላይ ሲወቀስ ኖሯል። ሰው እያነበበ ሳለ ገጹ በራሱ ይታደስና ያየው ጽሑፍ ይሰወርበት ነበር። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ የሚያበሳጭ መሆኑን ተናግሮ ማስተካከል ጀመረ። መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይደለም። አዲሱን ከላይ አዘጋጁ፣ «አዲስ ልጥፎች» የሚል ቁልፍ አሳዩ፣ ሰውየው ሲፈልግ ይንካው። ከዓይኑ ሥር ያለውን አታንቀሳቅሱ።

ጊዜው የሚወስነው ቦታውን ብቻ ይሁን። የአውቶቡስ ትኬት ውሰዱ። ወንበር 14 ለጥቂት ደቂቃ ተይዞልሃል ይባላል። ሰውየው ዘግይቶ ሲመለስ ወንበሩ ሄዷል፤ ይህ ያለ ነው። የጻፈው የሦስት ተጓዥ ስምና ስልክ ግን ለምን አብሮ ይሄዳል? «ወንበር 14 ተይዟል፣ ሌላ ይምረጡ» ብሎ ስሞቹን ማቆየት ይቻላል።

አማራጭ አራት፦ መጠየቅ

«ካቆሙበት ይቀጥሉ?» ጨዋነት ይመስላል። በየጊዜው ሲሆን ግን ነዝናዛ ነው። ከደቂቃ በፊት የወጣን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ አዎ፣ ይቀጥላል።

የሚጠቅመው ከቀናት በኋላ ለሚመለስ ሰው ነው። የብድር ማመልከቻ፣ የሥራ ቅጥር ፎርም፣ የኢንሹራንስ ጥያቄ። ያኔም ስክሪኑን የሚዘጋ ጥያቄ አታምጡ። መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ካርድ አስቀምጡ፤ «ማክሰኞ ማታ የጀመሩት የብድር ማመልከቻ፣ ገጽ 3 ከ5»። ሥሩ «ቀጥል» እና «ሰርዝ» ይኑር። የመጣው ለሌላ ጉዳይ ከሆነ አልፎት ይሄዳል።

በኖቲፊኬሽን በኩል ለሚገባ ሰውም ይህ ካርድ ያገለግላል። ኖቲፊኬሽኑን ሲነካ ወደተባለው ነገር ውሰዱት። ግማሽ የሞላው ፎርም ግን አይጥፋ፤ ወደኋላ ሲመለስ ወይ እሱን ወይ ካርዱን ያግኝ።

ገንዘብ ሲሆን

እዚህ ላይ አማራጮቹ አይሠሩም፤ የተለየ ሕግ አለው። ሰውየው «ላክ» ብሎ ነካ። ክቡ ይሽከረከራል። ኔቱ ተቆረጠ። ምን ያደርጋል? ወደ ቴክስቱ ይሮጣል፣ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም ብሎ። ቴክስት የለም። ይመለሳል። አፑ ባዶ የመላኪያ ፎርም ይዞ ይጠብቀዋል። አልተላከም ማለት ነው ብሎ እንደገና ይልካል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁለት የቆረጣ ቴክስት ተከታትሎ ይገባል። ጉድ ፈላ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ አገልግሎት መደወል፣ ወረፋ፣ የተላከለትን ሰው «እባክህ መልስልኝ» ብሎ መለመን ነው።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው። «ላክ» ሲነካ፣ ምንም ነገር ወደ ሰርቨር ሳይሄድ፣ አፑ ለግብይቱ የራሱ መለያ ቁጥር ይፍጠርና ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። ሰውየው ሲመለስ አፑ በዚያው ቁጥር ሰርቨሩን ይጠይቅ። መልሱ እስኪመጣ «ለአልማዝ የላኩት 2,000 ብር በማጣራት ላይ ነው» ይበል፤ እንደገና መላኪያው ይቆለፍ። ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ሁለቴ ቢያይ አንዴ ብቻ ይቁረጥ። ሁለቱም ወገን ካልሠራ ነገሩ ግማሽ ነው።

ቁልፉስ?

ባንክ ወይም የጤና አፕ ከሆነ ተመላሹ ባለቤቱ ይሁን አይሁን ማወቅ ይገባል። ስልክ በቤተሰብ መሃል ይዞራል፤ ልጆች ጌም ይጫወቱበታል። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት፣ ሰውየው ምንም ሳይነካ ሲቆይ መግቢያው የሚያበቃበት ጊዜ ከፍተኛ ዋጋ ላላቸው አፖች ከ2 እስከ 5 ደቂቃ፣ አደጋቸው ዝቅ ላሉት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ መሆኑ የተለመደ ነው ይላል። ዋትስአፕ አንድሮይድ ላይ ለጣት አሻራ ቁልፉ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፦ ወዲያው፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ። ምርጫውን ለሰውየው መተው ለመልእክት አፕ ጥሩ ነው። ለባንክ ግን ጣሪያውን እናንተ ወስኑ።

ዋናው ነገር ቁልፉ እንደ መጋረጃ ከላይ መውረዱ ነው። ሚስጥር ቁጥሩ ሲገባ መጋረጃው ይነሣና ሰውየው የነበረበትን ያገኛል። ደብልዩሲኤጂ የተባለው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያም ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይህንኑ ይላል፦ የመግቢያ ጊዜው ያለቀበት ሰው እንደገና ሲገባ ሥራው ሳይጠፋበት ይቀጥል። አካውንቱ ሌላ ከሆነ ግን ረቂቁ አይታየው። ሚስጥር ቁጥርና በቴክስት የመጣ ኮድ በረቂቅ ውስጥ በፍጹም አይቀመጡ።

በቅርብ የተከፈቱ አፖች ዝርዝር ላይ የሚታየውን ፎቶ አትርሱ። አንድሮይድ ላይ ፎቶውን የሚያጠቁረው የተለመደው መንገድ ስክሪንሾትንም ይከለክላል። እኛ አገር ደግሞ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጎ በቴሌግራም ነው የሚልከው፤ ሻጩም ያንን ሳያይ ዕቃ አይሰጥም። ክልከላውን ሂሳብና ሚስጥር ቁጥር ያለበት ስክሪን ላይ ብቻ አድርጉ፣ ደረሰኙን ልቀቁት። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ስክሪንሾት ሳይከለከል የዝርዝሩን ፎቶ ብቻ መሸሸግም ይቻላል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሞክሩት

አንድሮይድ ውስጥ በዴቨሎፐር ኦፕሽን ሥር «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚል ማብሪያ አለ። እሱን አብርታችሁ ፎርም እየሞላችሁ ውጡ፣ ግቡ። ብዙ ስሕተት ያኔውኑ ይታያል። ሁሉንም ግን አያሳይም፤ ገጹን እንጂ አፑን በሙሉ አይገድልም። ለዚያ ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ፣ የሆም ቁልፉን ተጫኑ፣ ከዚያ በኤዲቢ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ለአንድሮይድ ስልክ ትእዛዝ በሚሰጥበት መሣሪያ፣ «am kill» በሚለው ትእዛዝ አፑን ግደሉትና ከዝርዝሩ ላይ መልሳችሁ ክፈቱት። ሆም መጀመሪያ መጫኑን አትርሱ፤ ትእዛዙ ፊት ለፊት ያለን አፕ አይነካም።

ከዚያ ከገበያ ርካሹን ስልክ ያዙ። ፎርሙን እስከ ግማሽ ሙሉት፣ ካሜራ ከፍታችሁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅዱ፣ ፌስቡክ ግቡ፣ ተመለሱ። ቀጥሎ ሁሉንም አፕ ጥረጉና እንደገና ክፈቱ። በመጨረሻ በመሞከሪያ አካውንት ብር ላኩ፤ ክቡ መሽከርከር ሲጀምር ኤርፕሌን ሞድ አብሩ፣ አፑን ጥረጉት፣ ኔቱን መልሱና ክፈቱት። «በማጣራት ላይ» ካለ ይለቀቅ። ባዶ የመላኪያ ፎርም ካሳየ ገና ነው።